የአቶም ሕግ ከታወቀ ኮምፒውተር ለምን እስከ መጨረሻው አያሰላውም?

ጀማሪ ኮደር

ሰላም ለሁላችሁ። ሙያዬ ሶፍትዌር ነው፤ ፊዚክስ የማነበው ከሥራ በኋላ፣ በራሴ ፍላጎት ነው። አንድ ነገር አልዋጥ ስላለኝ ነው የመጣሁት።

የሽሮዲንገርን ቀመር (ኤሌክትሮንን እንደ ሞገድ የሚገልጸውን) በኮድ ጽፌ የሃይድሮጅንን አቶም አሰላሁ። ቦታውን እንደ መረብ ከፋፈልኩት፣ በየነጥቡ የሞገዱን ዋጋ አስቀመጥኩ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ዝቅተኛውን ጉልበት እንዲፈልግ አደረግኩ። መረቡን ባጠበብኩት ቁጥር ውጤቱ ወደ -13.6 ኤሌክትሮን ቮልት (ለአቶም የሚያገለግል የጉልበት መለኪያ) ይጠጋል። መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ራሱ! በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ቀጥዬ ወደ ሄሊየም ሄድኩ። በየአቅጣጫው 20 ነጥብ ብቻ ስወስድ፣ ሻካራ ቢሆንም ሠራልኝ። ሊቲየም ላይ ግን ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ ሚሞሪ አለቀበት። የጨመርኩት እኮ አንድ ኤሌክትሮን ነው።

የፊዚክስ ሊቁ ዲራክ በ1929 ለኬሚስትሪ የሚያስፈልጉት ሕጎች በሙሉ ታውቀዋል፣ የቀረው ችግር ቀመሮቹ ለመፍታት በጣም የተወሳሰቡ መሆናቸው ብቻ ነው የሚል ሐሳብ ጽፎ ነበር። ያኔ ኮምፒውተር አልነበረም። ዛሬ ግን እንደ ፍሮንቲየር ያሉ በሰከንድ ከቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ስሌት የሚሠሩ ማሽኖች አሉ። ታዲያ ነገሩ የማሽን አቅም ብቻ ነው? 20 ዓመት ብንታገሥ ይፈታል? ወይስ ሌላ ግድግዳ አለ?

ሁለተኛ፣ ኒውክለሱን እንደ አንድ ነጥብ ነው የወሰድኩት። ውስጡንስ የሚያሰላ አለ?

ሞገድ

ወንድሜ፣ የቆምክበት ቦታ የሁላችንም መነሻ ነው። እኔ የምተዳደረው የጠጣር ነገሮችን የኤሌክትሮን ባሕርይ በማስላት ነው፤ ስለዚህ ስለ መጀመሪያው ጥያቄህ በደንብ ላወራህ እችላለሁ። ኒውክለሱን ለሚያውቁት እተወዋለሁ።

መጀመሪያ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። በየአቅጣጫው 20 ነጥብ ከወሰድክ ለአንድ ኤሌክትሮን 20 በ20 በ20፣ ማለትም 8,000 ቁጥር ይበቃል። ለሁለት ኤሌክትሮን ብዙ ሰው 16,000 ይመስለዋል። አይደለም። ሁለቱ ኤሌክትሮኖች ይገፋፋሉ። አንዱ የት እንዳለ ሳታውቅ የሌላውን መናገር አትችልም። የሞገድ ፈንክሽኑ፣ ማለትም አንተ በየነጥቡ ያስቀመጥከው የሞገድ ዋጋ በሙሉ፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ ቦታ የራሱ ቁጥር ያስፈልገዋል። ስለዚህ 8,000 በ8,000 ይባዛል፤ 64 ሚሊዮን። ለያንዳንዱ 8 ባይት ስጠው፣ 512 ሜጋባይት። ላፕቶፕህ ቻለው።

ሊቲየም ሌላ 8,000 ጊዜ ያበዛዋል፤ 4 ቴራባይት ገደማ። ቤሪሊየም ወደ 33 ፔታባይት። ቦሮን ወደ 262 ኤክሳባይት። ካርቦን 2 ሚሊዮን ኤክሳባይት ያልፋል። ያውም ለአንዲት አቶም፣ ያውም በዚያ ሻካራ መረብ! ብረት 26 ኤሌክትሮን አለው። ለእሱ የምትፈልገው የቁጥር ብዛት ከ1 ቀጥሎ 101 ዜሮ ያለበትን ቁጥር ይበልጣል። በሚታየው ዩኒቨርስ ውስጥ ያሉት አቶሞች በሙሉ ሲገመቱ ከ1 ቀጥሎ 80 ዜሮ ገደማ ናቸው። በእያንዳንዱ አቶም ላይ አንድ ቁጥር ብትጽፍ እንኳ ቦታ አይበቃህም።

እንግዲህ 20 ዓመት ጠብቀህ 1,000 እጥፍ የሚበልጥ ማሽን መጣልህ እንበል። በዚህ መንገድ አንድ ኤሌክትሮን እንኳ አይጨምርልህም። የሚፈለገው 8,000 እጥፍ ነዋ። ለመጀመሪያው ጥያቄህ መልሴ ይህ ነው፤ መጠበቅ አይፈታውም። ብልሃት ነው የሚያስፈልገው። ብልሃት ሁሉ ደግሞ የሆነ ነገር ያስከፍልሃል።

በጣም የታወቀው ብልሃት የመጣው ከዋልተር ኮን ነው። በ1964 ከፒየር ሆሄንበርግ ጋር፣ በ1965 ደግሞ ከሉ ሻም ጋር ባወጧቸው ሥራዎች አንድ የሚገርም ነገር አሳዩ። ዝቅተኛውን ጉልበት ለማወቅ ያንን ግዙፍ የሞገድ ፈንክሽን መያዝ የለብህም፤ የኤሌክትሮኖቹ ጥግግት በየቦታው ስንት እንደሆነ ማወቅ ይበቃል። ጥግግት ደግሞ ኤሌክትሮኑ 3 ሆነ 3,000፣ ያው 8,000 ቁጥር ነው። ኮን በ1998 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከጆን ፖፕል ጋር የተካፈለው በዚህ ነው። ዛሬ ስለ ባትሪ፣ ስለ ቺፕ፣ ስለ ካታሊስት በኮምፒውተር ተሰላ ሲባል ስትሰማ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ይህ ዘዴ አለ። የእኔም የዕለት ሥራ እሱ ነው።

ዋጋውስ? ጥግግቱን ወደ ጉልበት የሚቀይረው ትክክለኛ ቀመር እንዳለ ተረጋግጧል፤ መልኩን ግን ማንም አያውቅም። የምንጠቀመው ግምት ነው። ጥሩ ግምት፣ በብዙ ጥናት የዳበረ ግምት፣ ግን ግምት።

እና ግምቱ ሲስት እንዴት እንደሚስት ልንገርህ፤ እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ቀላሉን ግምት ይዘህ ብረትን ብታሰላ፣ ዝቅተኛው ጉልበት ያለው ብረት ማግኔት የማይሆን፣ የአቶሞቹም አደራደር የተለየ እንደሆነ ይነግርሃል። ብረት! ማግኔት ሲባል መጀመሪያ አእምሮ ላይ የሚመጣው ነገር። ሲሊከንን ብታሰላ ኤሌክትሮኖቹ የሚዘሉት የጉልበት ክፍተት ከእውነተኛው ግማሽ ገደማ ብቻ ሆኖ ይወጣል። ኮባልት ኦክሳይድ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሆኖ ሳለ ስሌቱ ብረታ ብረት ነው ይልሃል። የተሻሻሉት ግምቶች ብረቱን አስተካክለውታል። ሲሊከንንም የሚያስተካክሉ አሉ። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሲሳሳት ማሽኑ አንዲት ማስጠንቀቂያ አይሰጥህም። ስሌቱ በሰላም ያልቃል። ቁጥሩ እስከ ስምንተኛው ዴሲማል ድረስ ይረጋል። ስዕሉ ያምራል። ስሕተት መሆኑን የምታውቀው እውነተኛው ብረት ቀድሞ ተለክቶ ስላለ ነው። ማንም ለክቶት ለማያውቅ ነገርስ?

ለዚህ ነው "በሲሙሌሽን ተረጋገጠ" የሚል አርዕስት ሳይ የሚያበሳጨኝ። ሲሙሌሽኑ ያረጋገጠው የገመትነው ቀመር ምን እንደሚል ነው። አቶሙ ምን እንደሚል የሚነግርህ ልኬት ነው።

"ትንሽ ስሕተት ቢኖርስ?" ትለኝ ይሆናል። በራስህ ሄሊየም እንየው። ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ በአማካይ ብቻ ይተያያሉ ብለህ ብታሰላ ጉልበቱ -77.87 ኤሌክትሮን ቮልት ይሆናል። የተለካው -79.00 ነው። ልዩነቱ ከመቶ አንድ ተኩል አይሞላም፤ ጥሩ ይመስላል። ግን 1.13 ኤሌክትሮን ቮልት በኬሚስትሪ ዓለም ግዙፍ ነው። የሃይድሮጅን ሞለኪውልን ያያዘው ትስስር በሙሉ 4.5 ነው። አንድ ኬሚካላዊ ለውጥ በክፍል ሙቀት ምን ያህል እንደሚፈጥን ለመተንበይ ስትነሳ የ0.04 ስሕተት ፍጥነቱን 5 እጥፍ ያዛባዋል። 0.2 ብትሳሳት ከ2,000 እጥፍ በላይ። የአንድ ካርቦን አቶም ጠቅላላ ጉልበት ደግሞ 1,030 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው። ከዚያ ትልቅ ቁጥር ውስጥ ያቺን 0.04 መያዝ አለብህ።

ኳርክ ቆጣሪ

ሞገድ የኤሌክትሮኑን በደንብ አድርጋ አስረድታለች፤ እኔ ስለ ኒውክለሱ ልጨምር። አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ የሚያሰላ አለ። ግን እዚያ ነገሩ ይብሳል።

ፕሮቶን 938 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይመዝናል (ሜጋ ሚሊዮን ነው፤ እኛ ግዝፈትንም በጉልበት መለኪያ እንጽፋለን)። ውስጡ ያሉት ሦስት ኳርኮች ግዝፈታቸው ቢደመር 9 ገደማ ነው። የቀረው 99 ከመቶ የኳርኮቹ እንቅስቃሴና እነሱን የሚያያይዘው የግሉኦን መስክ ጉልበት ነው። እዚህ "በመጀመሪያ ቀላሉን አስልተን፣ ቀስ በቀስ እርማት እንጨምር" የሚለው የተለመደ ዘዴ አይሠራም፤ እርማቱ ከዋናው አያንስም።

ኬኔት ዊልሰን በ1974 ቦታንም ጊዜንም እንደ መረብ ቆራርጦ ማስላት የሚቻልበትን መንገድ አሳየ። ዛሬ የተለመደ መረብ 64 በ64 በ64 በ128 ነው ብለህ አስብ፤ 33 ሚሊዮን ተኩል ነጥብ። በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት የፕሮቶንን ስፋት ከአሥር ክፍል በላይ የሚከፍል ነው። በ2008 በዚህ መንገድ የፕሮቶን ግዝፈት ከተለካው ጋር በጥቂት ከመቶ ስሕተት ውስጥ ተስማማ። ከኳርክ ተነስቶ! በ2015 ደግሞ ኒውትሮን በግዝፈት ከፕሮቶን የሚበልጥበት መጠን 1.51 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ሆኖ ተሰላ፤ የስሕተት ክልሉ 0.28 ገደማ ነው። የተለካው 1.293 ነው። ይህች ትንሽ ልዩነት ተገልብጣ ቢሆን ኖሮ ፕሮቶን ወደ ኒውትሮን ይፈርስ ነበር። ያንን ስሌት ሳነብ ዓይኔን ነው ያሸሁት።

አሁን ግን አንድ ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን አጣምረህ ዲውትሮንን፣ ትንሹን ጥምር ኒውክለስ፣ ከኳርክ ልትሠራ ሞክር። የሁለቱ ግዝፈት ድምር 1,878 አካባቢ ነው፤ ያያዛቸው ጉልበት 2.22 ብቻ። 1 ከመቶ ስሕተት ማለት 19 ነው፤ የምትፈልገውን ነገር ስምንት ጊዜ ይውጠዋል። ፕሮቶንና ኒውትሮን በጨመርክ ቁጥር ደግሞ ጫጫታው በብዜት ያድጋል።

ከዚህ የከፋው የምልክት ችግር የሚባለው ነው። እነዚህ ስሌቶች የሚሠሩት በዘፈቀደ ናሙና በመውሰድ ነው። ናሙናው ክብደቱ አዎንታዊ ሲሆን መልካም። ፕሮቶንና ኒውትሮን ጥቅጥቅ ብለው ሲታጨቁ ግን የናሙናዎቹ ክብደት አዎንታዊና አሉታዊ እየሆነ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሚሊዮን ገቢና ሚሊዮን ወጪ ያለው ነጋዴ እያንዳንዱን ደረሰኝ በግምት ጽፎ ትርፌ ይህን ያህል ነው ቢል ማን ያምነዋል? ማቲያስ ትሮየርና ኡቨ-የንስ ቪሰ በ2005 ይህ ችግር በጥቅሉ ሲታይ በኮምፒውተር ሳይንስ እጅግ ከባድ ከሚባሉት ችግሮች ተርታ እንደሆነ አሳይተዋል። ለሁሉም የሚሆን አቋራጭ የለም ማለት ይቻላል። በዚህ የተነሳ የኒውትሮን ኮከብ እምብርት ምን እንደሚመስል ከኳርክ ተነስቶ በቀጥታ ማስላት እስካሁን አልተቻለም። ሕጉ በእጃችን ነው። መልሱ ግን የለም።

ስለዚህ የኒውክለስ ሰዎች ኳርኩን ትተው በፕሮቶንና ኒውትሮን መካከል ያለውን ኃይል ይጽፋሉ፤ መነሻው ስቲቨን ዋይንበርግ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ ነው። በቀመሩ ውስጥ ያሉት ቋሚ ቁጥሮች የሚገኙት ግን ከሙከራ ነው። ሌላም ጣጣ አለ። ኃይሉን ሁለት ሁለቱን ብቻ እያየህ ብታሰላ ትሪቲየምን (አንድ ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን) ያያዘው ጉልበት ከተለካው 8.48 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አንሶ ይወጣል። ሦስቱ ሲገናኙ ብቻ የሚነሳ ተጨማሪ ኃይል አለ። ያም ሆኖ ትልቅ ነገር ተሠርቷል። ፍሬድ ሆይል በ1953 "ከዋክብት ካርቦን ሊሠሩ ከሆነ መኖር አለበት" ብሎ የተነበየው የካርቦን 12 ኒውክለስ የጉልበት ደረጃ፣ 7.65 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ያለው፣ በ2011 በእንዲህ ዓይነት ስሌት ተገኝቷል።

ኒውትሮን ተከታይ

ልጆች፣ ጥሩ ውይይት ነው። እኔ ከተግባሩ ጎን ነኝ፤ ኒውትሮን በሪአክተር ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ የሚያሰሉ ፕሮግራሞችን ለረጅም ጊዜ ሠርቼባቸዋለሁ።

ብዙ ሰው እኛ ዩራኒየምን ከሥሩ የምናሰላ ይመስለዋል። አናሰላም። ቀርፋፋ ኒውትሮን ዩራኒየም 235ን የመሰንጠቅ ዕድሉ 585 ባርን (የዚህ ዕድል መለኪያ) ገደማ ነው። ይህንን ቁጥር ከኳርክም ሆነ ከኒውትሮን ኃይል ተነስቶ በሚያስፈልገን ጥራት ያወጣው ሰው የለም። ተለክቶ፣ ተጣርቶ፣ ሠንጠረዥ ላይ የተቀመጠ ነው። ፕሮግራማችን የሚሠራው ኒውትሮኑን አንድ በአንድ እየተከተለ፣ በየደረጃው ዕጣ እያወጣ ነው፤ ኡላምና ፎን ኖይማን በ1940ዎቹ ሎስ አላሞስ ውስጥ የጀመሩት ዘዴ። ዕጣው ግን የሚወጣው ከዚያ ከተለካው ሠንጠረዥ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምንጠነቀቅ ልንገራችሁ። አንድ ስንጥቅ በአማካይ 2.4 ገደማ ኒውትሮን ይለቃል። ከ1,000ው ውስጥ 6 ወይም 7ቱ ብቻ ናቸው ዘግይተው የሚወጡት፤ ሪአክተሩን ሰው በእርጋታ እንዲቆጣጠረው የሚያደርጉትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ 2.4 የሚለው ቁጥር ላይ 1 ከመቶ ብትሳሳቱ፣ ስሕተቱ ብቻውን ከዚያ የመቆጣጠሪያ ክልል ይበልጣል። ቲዎሪ 1 ከመቶ ሲያገኝ ይጨበጨብለታል፤ እኛ ዘንድ 1 ከመቶ አይበቃም።

አንድ ነገር ግን ከኮምፒውተር ችግር ጋር አታደባልቁት። አንድ የዩራኒየም ኒውክለስ መቼ እንደሚፈርስ መተንበይ አይቻልም። ይህ የማሽን ድክመት አይደለም፤ ኳንተም መካኒክስ ራሱ የሚሰጠው ዕድልን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ የሚያወጣው የመፍረሻ ሰዓት የማንኛውም እውነተኛ ኒውክለስ ሰዓት አይደለም። የብዙዎቹ አማካይ ግን ልክ ይመጣል።

ጀማሪ ኮደር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባቴ፣ እርስዎ የነገሩኝ የ1 ከመቶው ነገር አስደንግጦኛል፤ ሁሉም ከሥሩ የሚሰላ ነበር የሚመስለኝ።

ሞገድ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ኳንተም ኮምፒውተርና ማሽን ለርኒንግ ይህንን አይፈቱትም? ደግሞ ሊቲየሙን እንዴት ልቀጥል? መተው አልፈልግም።

ሞገድ

እንዳትተወው!

ፋይንማን በ1981 ባደረገው ንግግር፣ ተፈጥሮ ኳንተም ከሆነች ማስመሰያውም ኳንተም ይሁን የሚል ሐሳብ አንስቷል። የሚሞሪው ብዜት እዚያ ይቀራል፤ እውነት ነው። አሁን ያሉት ማሽኖች ግን በየእርምጃው ይሳሳታሉ፤ ስሕተቱን ለማረም ብዙ ተጨማሪ ኪዩቢት (የኳንተም ኮምፒውተር ቢት) ያስፈልጋል። ያም ቢሟላ የማንኛውንም ነገር ዝቅተኛ ጉልበት መፈለግ በጥቅሉ ለኳንተም ኮምፒውተርም ከባድ ነው ተብሎ ይታመናል። ለአንዳንድ ሞለኪውሎች ግን ተስፋ አደርጋለሁ፣ ከልቤ።

ማሽን ለርኒንግ ሥራዬን በጣም አፍጥኖልኛል። ነገር ግን የተማረው እኔ ካሰላሁት ነው። የእኔ ግምት ሲሊከንን ከሳተ፣ እሱም ያንኑ ስሕተት በፍጥነት ይደግመዋል።

አንድ ማንም የማያነሳው ግድግዳም አለ፤ ጊዜ። አቶሞች ሲንቀሳቀሱ ለማየት በ1 ፌምቶሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ) እርምጃ ነው የምንሄደው። አንድ ሰከንድ ለማየት ከ1 ቀጥሎ 15 ዜሮ ያለው እርምጃ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ እርምጃ በ1 ማይክሮሰከንድ ቢያልቅ እንኳ 32 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ማሽን ብትጨምር አይረዳህም፤ ሁለተኛው እርምጃ የመጀመሪያውን ይጠብቃልና።

ወደ ሊቲየምህ። መረቡን ተወው። የሞገድ ፈንክሽን ቅርጽ ራስህ ገምት፤ ጥቂት የሚስተካከሉ ቁጥሮች ያሉት ይሁን። በሁለት ኤሌክትሮኖች መካከል ያለው ርቀት ቀመሩ ውስጥ እንዲገባ አድርግ። ከዚያ ነጥቦችን በዘፈቀደ እያወጣህ አማካዩን ጉልበት አስላ፤ ቁጥሮቹን እየለዋወጥክ ዝቅ አድርገው። ሚሞሪው ጥቂት ኪሎባይት ነው። ግን ሰዓት ይወስዳል፤ ስሕተቱን በ10 ለማሳነስ ናሙናውን 100 እጥፍ ማድረግ አለብህ። መጀመሪያ በሄሊየም ሞክረው፤ ከ-77.87 ወርዶ ወደ -79.00 ከተጠጋ ኮድህ ጤነኛ ነው።

ሊቲየም ላይ የተለካው -203.5 ነው። ከእሱ በላይ ብትቀር ቅርጹን አሻሽል። -230 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ግን አትደሰት፤ ሦስቱን ኤሌክትሮኖች አንድ ላይ ዝቅተኛው ቦታ ላይ አስቀምጠሃቸዋል፣ የፓውሊ ክልከላ (ስፒናቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ኤሌክትሮኖች አንድ ዓይነት ሁኔታ አይጋሩም የሚለው ሕግ) ጠፍቶብሃል ማለት ነው። ኤሌክትሮኖች ሲለዋወጡ የፈንክሽኑ ምልክት መገልበጥ አለበት። ኳርክ ቆጣሪ የነገረህ የምልክት ችግር በአንተ ኮድ ውስጥ የሚገባው በዚህች በር ነው። ስፒናቸው (ሁለት ዓይነት ብቻ የሆነው የኤሌክትሮን ውስጣዊ ባሕርይ) አንድ ዓይነት የሆኑትን ሁለቱን በዲተርሚናንት (ሁለት ረድፍ ሲለዋወጡ ምልክቱ የሚገለበጥ ስሌት) አስገባቸው፣ ሦስተኛውን ለብቻው አባዛው። ከተጣበቅክ ኮዱን እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።